የማያጋድል መድፍ

መስከረም 5

ይድረስ ለምወድዎ ለአጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የእናቴስ ዳሌ? እኔ በዚህ በሰው አገር ከሳል በስተቀር ምንም አልሆንኩም፤ ሳሉም ቢሆን የብየዳ ጭስ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ለእናቴ ሲያነቡላት ግን ይቺን መስመር ይዝለሏት፤ ጭስ ብለው ሳንባ ነው የምትሰማው።

አዲስ ወሬ አለኝ፤ ሥራ ቀይሬያለሁ። ከመርከብ መሥሪያው አልወጣሁም፤ ስድስት ዓመት ብረት እየቀረጽኩ ቶርኖ ላይ ከቆምኩበት አዳራሽ ወደ መጨረሻው አዳራሽ ተዛወርኩ እንጂ። እዚህ የምንሠራው መድፍ መርከብ ላይ የሚቀመጥበትን መትከያ ነው። ካቦዬ «ስለ ሥራው ብዙ አትጻፊ» ብሎኛል፤ እኔ የምጽፍልዎ ግን የወደቡ ድመት ሁሉ የሚያውቀውን ነው።

እንዲህ ያስቡት። ባሕር ላይ ያለ መርከብ አርፎ አይቆምም፤ አሁን ወደ ግራ ያጋድላል፣ መለስ ብሎ ወደ ቀኝ። መድፉም አብሮት ካጋደለ ጥይቱ አንዴ ውሃ፣ አንዴ ሰማይ ይመታል። ስለዚህ መድፉን አንዱ ባንዱ ውስጥ በገቡ ሁለት ትልልቅ የብረት ቀለበቶች ላይ እናስቀምጠዋለን። መርከቡ ወደ ግራ ሲያጋድል ሞተሩ ቀለበቱን በዚያው ልክ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። መርከቡ ማጋደሉን ለሞተሩ የምትነግረው ደግሞ ከቡጢ የማትበልጥ፣ በጣም በፍጥነት የምትሽከረከር ጎማ ናት። አንዴ መሽከርከር ከጀመረች ዓለም ቢገለበጥ አቅጣጫዋን አትለቅም። ግትርነቷ እናቴን ያስታውሰኛል። (ይቺንም ይዝለሏት።)

ባሕር ሳንወርድ የምንፈትንበት የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ያለው የብረት ወለል አለን። ከሥሩ አራት ግዙፍ ክሪኮች አሉ፤ እነሱ ሲነሱና ሲወርዱ ወለሉ ማዕበል ይሆናል። መጀመሪያ የቆምኩበት ቀን ምሳዬን መለስኩት። ሰባ ኩንታል የሚመዝነው መድፍ ግን ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ብርጭቆ ንቅንቅ አላለም። ቆሜ ሳየው ዕንባዬ መጣ ብልዎ ይስቁብኛል።

ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በወጣትነትዎ ከአባቴ ጋር መድፈኛ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ነገር አላውቅም። ሞተር የለ፣ ቀለበት የለ፤ ተዳፋት ላይ መድፉን እንዴት ነበር ልክ የምታስይዙት? ቢጽፉልኝ ለካቦዬ አነብለታለሁ፤ «አንድ አሮጌ መድፈኛ ከሦስት መሐንዲስ ይበልጣል» የሚል ሰው ነው።

ጤናዎን ያብዛልኝ። እናቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ

---

መስከረም 28

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ በሃያኛው ቀን ደረሰን። እድሜሽ ይርዘም፣ እጅሽ አይዛል፣ ብረቱ ይታዘዝልሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ዳሌዋ በብርድ ይነዘንዛታል፣ እሷ ደግሞ እኔን ትነዘንዘኛለች፤ እንዲህ ተሳስበን እንኖራለን። ያልሽኝን መስመሮች ዘለልኩ። ሁለተኛው ላይ ሳቅ አምልጦኝ «ምን አለች?» ብላ ልትገድለኝ ነበር።

የእንጨት ሥራው መጥፎ አይደለም። ለልብስ ሰፊዋ የሠራሁላት በር አልዘጋ ብሏት መጣች። «በርህ ጠማማ ነው» አለችኝ። «ቤትሽ ነው እንጂ በሬ አይደለም» አልኳት። ሄጄ ውሃ ልክ አስቀመጥኩ፤ እውነትም ቤቱ ሦስት ጣት ዘሟል። ደስ ይላታል ብዬ ብነግራት ጭራሽ «እንግዲያው ቤቱን አቃናልኝ» ብላ ያዘችኝ። በሩን በዘመመው ልክ ጠርቤ፣ ማጠፊያውን ከላይ አራት፣ ከታች ሦስት ቁጥር አድርጌ ገጠምኩት። አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ጠማማን በጠማማ ነው።

ብርቱ ችግሬ ዓይኔ ነው። ደብዳቤሽን በክንዴ ርዝመት አርቄ ነበር የማነበው፤ አሁን ክንዴ አለቀብኝ። መነጽር ብትልኪልኝ እመርቅሻለሁ። ካልቻልሽም በዱላ ጫፍ ላይ ሰክቼ አነባለሁ።

ስለ መድፉ የጠየቅሽኝ የጥንት ነገር ነው፤ ረስቼዋለሁ። የዚያን ጊዜው መድፍና ያንቺ መድፍ ዝምድና የላቸውም።

ደህና ሁኚልን።

አጎትሽ

---

ጥቅምት 20

ይድረስ ለምወድዎ ለአጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ሁለት መነጽር ልኬያለሁ፤ እንዳይሰበሩ ካልሲ ውስጥ ነው የከተትኳቸው። ካልሲዎቹ የእናቴ ናቸው፤ እንዳይቀሟት።

«ረስቼዋለሁ» ያሉት አልተዋጠልኝም። የልብስ ሰፊዋን ማጠፊያ ቁጥር ሳይቀር የሚያስታውስ ሰው መድፍ ይረሳል? መጻፍ ካልፈለጉ ግን አላስጨንቅዎትም። አሁን የምጠይቅዎ ለወሬ ሳይሆን ስለቸገረኝ ነው።

መትከያው ላይ አንድ ነገር ታይቶኛል። ወለሉ ወደ ግራ ሲያጋድል ቀለበቱ ወዲያው ይታዘዛል። ሲመለስ ግን ለዓይን ቅጽበት ያህል ይዘገይና «ቀጭ» ይላል። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ካላስደገፍኩ አይሰማም። ለዋና መሐንዲሱ ነገርኩት።

«ቀለበቱ ልኩ ላይ ደርሷል አልደረሰም?» አለኝ።

«ደርሷል።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ሲደርስ ይጮኻል።»

«የኔም ጉልበት ጠዋት ስነሳ ይጮኻል፤ እስካሁን ማንም ሥራ አላስቆመም» ብሎ አዳራሹን አሳቀብኝ። ክፉ ሰው አይደለም። መሣሪያዎቹን አምጥቶ አብረን ለካን፤ ሁሉም ልክ ነው። ወረቀት ላይ አንድም ስህተት የለም።

ነገር ግን በጥር መጨረሻ ስድስት መርከበኞች መጥተው፣ ወለሉ እያጋደለ መድፉን ማጉረስና መተኮስ ይለማመዳሉ። ከዚያ በፊት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ የመሐንዲሱ፣ የቢሮው ኃላፊና የፈታሿ። ፈታሿ እኔ ነኝ። ሁለቱ ፈርመዋል።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ልጅዎ

---

ኅዳር 14

ይድረስ ለልጄ፤

መነጽሩ ደረሰ፤ አንዱን አደረግሁት፣ አንዱን ለእሑድ አስቀመጥኩት። እናትሽን በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኋት፤ አርጅታለች። ይህንን ስነግራት «ራስህን ስላላየህ ነው» አለችኝ።

ስለ ድምፁ የጻፍሽውን አላነበብኩላትም። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ድምፁ እየጨመረ ነው ወይስ እንደ መጀመሪያው ነው? ከቀለበቱ ሥር ያለውን ፈትታችሁ አይታችኋል? ስድስቱ ሰዎች የሚቆሙት በየት በኩል ነው?

ቶሎ ጻፊ። ከወሬሽ ሌላ ምንም አትላኪልኝ።

አጎትሽ

---

ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎ አጥሮብኝ ታመሙ ብዬ ፈርቼ ነበር። ለሦስቱም ጥያቄዎ መልሱ ይኸው። የጨመረ ይመስለኛል፤ አልምልም። ከሥር ያለውን አልፈታንም፤ ለመፍታት መድፉን አውርዶ አራት ቀን መሥራት ይጠይቃል፣ መሐንዲሱም «ለአንድ ቀጭታ አራት ቀን አላቃጥልም» ብሏል። ሰዎቹ የሚቆሙት በግራ በኩል፣ ወለሉ ሲያጋድል ዝቅ በሚለው ነው። መቆሚያቸው በነጭ ቀለም ተሰምሯል።

ለምን ጠየቁኝ?

ልጅዎ

---

ታኅሣሥ 29

ይድረስ ለልጄ፤

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እናትሽ ጎረቤት ሄዳለች። እሷ የማታውቀውን ነው የምነግርሽ።

አንቺ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኔና አባትሽ አንድ መድፍ ላይ ነበርን፤ እሱ ጥይት አቀባይ፣ እኔ መድፉን ልክ አስያዥ። ሦስት ቀን ዘንቦ ባባራ ማግስት ኮረብታ ወገብ ላይ እንድንተክል ታዘዝን። ተዳፋት ላይ እንዴት ታስይዙ ነበር ብለሽኝ ነበር። ሽቅብ ባለው ጎማ በኩል አፈሩን ትቆፍሪያለሽ፣ ቁልቁል ባለው ሥር ግንድና ድንጋይ ትደረድሪያለሽ፣ ውሃ ልኩን ታስቀምጪና አረፋዋ መሀል እስክትቆም ትደክሚያለሽ። እኔም ይህንን አደረግሁ። አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። የመቶ አለቃው «ፈጠን!» እያለ ይጮኻል።

ተኮስን። ወዲያው ጎንበስ ብዬ ግንዱን ዳሰስኩት፤ አንድ ጣት ያህል ጭቃው ውስጥ ሰምጧል። ቀና ብዬ አረፋዋን አየሁ፤ አሁንም መሀል ላይ ናት። «ቁሙ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን በሰው ፊት ፈሪ ተብዬ ተሰድቤ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሁለተኛውን ተኮስን። በሦስተኛው ግንዱ ሾልኮ ወጣና መድፉ ቁልቁል ተገለበጠ። የጥይቱ ክምር ቁልቁል በኩል ስለነበር አባትሽ የቆመው እዚያ ነበር።

በዚያ ቀን ጠላት አንድም ጥይት አልተኮሰብንም። ወረቀቱ ላይ ግን «በጠላት ጥይት» ተብሎ ተጻፈ። እናትሽ ፊደል ስለማታውቅ ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እንደተጻፈው አነበብኩላት። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ።

ልጄ፤ አረፋዋ የምትነግርሽ አሁን ልክ መሆኑን ብቻ ነው። ከሥር ያለው ይችል እንደሆነ አትነግርሽም። ያንን የሚያውቀው የዳሰሰው እጅ ነው፤ ባንቺ በኩል ደግሞ ጆሮሽ ነው። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም፤ ሥራሽ ነው፣ የሰው አገር ነው። አፍሽን ከከፈትሽ በኋላ ግን መልሰሽ አትዝጊው።

ከዚህ በኋላ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

አጎትሽ

---

የካቲት 20

ይድረስ ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መርከበኞቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ መሣሪያ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ተነስቼ እጄን ታጠብኩና መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ምክንያትሽ?»

«ከሥር ያለውን አላየነውም።»

«ሁሉም ልክ ነው። ወረቀቱ ይኸው!»

«ልክ መሆኑንማ መች ካድኩ። ሰው ሳይቆምበት፣ የተኩሱን ግፊት ጨምረን መቶ ጊዜ እናጋድለው። ከቻለ እዚያው ቆሜ እፈርማለሁ።»

ጠረጴዛውን መታ። እንግዶቹን ምን ልበላቸው አለ፤ ሰው አዋረድሽን አለ፤ ከነገ ጀምሮ ወደ ቶርኖሽ ትመለሻለሽ አለ። እኔ ግን አፌን አልዘጋሁም። በመጨረሻ ካቦዬ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «እሷ ካልፈረመች ክሪኮቹን የሚያስነሳ ሰው የለኝም፤ እኔም ዛሬ ወገቤን አሞኛል» አለ። ወገቡን አሞት አያውቅም።

መሐንዲሱም እሺ አለና በማግስቱ ጠዋት የጠየቅኩትን ሙከራ ጀመርን። ሁላችንንም ከአጥሩ ውጪ አቆሙን። ወለሉ በተንጋደደ ቁጥር በሰንሰለት የተንጠለጠለ ከባድ ብረት መድፉን ከፊት እየተወነጨፈ ይመታዋል፤ የተኩሱ ግፊት እሱ ነው። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ። መሐንዲሱ ሰዓቱን እያየ ነበር። በስልሳ ሦስተኛው፣ ከሥር የሞተሩን ማርሽ ከቀለበቱ ጋር የያዙት ስምንት ቡሎኖች እንደ ተልባ ተንጣጡ። ሰባ ኩንታሉ በሙሉ ወደ ግራ ዞረና የብረት አጥሩን አጣጥፎ ነጩ መስመር ላይ ተኛ።

ሰው አልተነካም።

መሐንዲሱ ሄዶ ከተቆረጡት ቡሎኖች አንዱን አነሳ። ቡሎኑ ከውስጥ አስቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር፤ ግማሹ ስንጥቅ ዝጓል። ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በማግስቱ ወደ ሥራ ቦታዬ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ጆሮ ከመሣሪያዎቹ ጋር ይመዘገባል» አለኝ። ቶርኖዬም ቀረ። መርከበኞቹ ሲመጡ ልምምዱ ወደ ሌላ ጊዜ እንደተላለፈ ተነገራቸው። አንደኛው ምንም አልመሰለውም፤ የልጅ ጫማ ርካሽ የሚሸጠው የት እንደሆነ ነበር የሚጠይቀኝ። ወስጄ አሳየሁት።

አሁን ወደኛ ነገር ልመለስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጽፍልዎ እየተቀመጥኩ እነሳ ነበር። ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቅዎትም። ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እርስዎ፣ የመጀመሪያውን መሮ ያስያዙኝ እርስዎ። «ይህ ሁሉ ለኔ ነበር ወይስ ለዚያ ቀን?» እያልኩ ራሴን ስበላ ከረምኩ። ከዚያ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። አላስተኛ ብዬዎት አንድ ሳምንት ሙሉ በጀርባዎ አዝለውኝ እንጨት ሲልጉ፣ ጆሮዬ ጀርባዎ ላይ ተለጥፎ መላጊያው ሲሄድና ሲመለስ እሰማ ነበር። እያፏጩም ነበር። ጥፋት የሚክስ ሰው እያፏጨ አያዝልም።

ስለዚህ እወድዎታለሁ፤ ቁጣዬም ገና አልበረደም፤ ሁለቱንም አብረው ይቀበሉኝ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ለእናቴ ይንገሯት። እኔ አልነግርብዎትም፤ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ሲነግሯት ምንም አይዝለሉ።

ልጅዎ

---

ሚያዝያ 3

ይድረስ ለልጄ፤

መጀመሪያ፦ እጅሽ ይባረክ፤ ጆሮሽ ይባረክ። ስድስት ቤት ሳያውቅሽ መርቆሻል።

ለእናትሽ ነገርኳት። እንዴት እንደምጀምር ባጣ ጊዜ ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፤ ከዚያ የኔን ነገር ጨመርኩ። እሷ የሹራብ ቁልፍ እየተከለች ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ወንበሩን ቦታው መልስና ውጣ» አለችኝ። መለስኩና ወጣሁ።

ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ደጃፏ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ። ሥራዬም ከእጄ ጠፋ፤ ለአንድ መስኮት አራት ጊዜ ለክቼ አራቱም የተለያየ ሆነብኝ። ለሃያ ስምንት ዓመት ፈርቼ የኖርኩት ይህንኑ ነበርና «በቃ፣ መጣ» አልኩ።

በአሥረኛው ቀን ዱላዋን ይዛ እኔ ሱቅ መጣች። የመጋዙን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አልማርኩህም» አለች።

«እሺ።»

«አቋርጠኝና ውርድ ከራሴ። ስለ ሞቱ ስላልነገርከኝ ብቻ መሰለህ የተናደድኩት? ስሙ በተነሳ ቁጥር ትነሳና ትሄድ ነበር። ‹ጦር ሜዳ ከሱ ጋር ሁለት ዓመት የኖረ ሰው አጠገቤ አለ፣ አንድ ቀን እንኳ አይነግረኝም› እያልኩ ነው ያረጀሁት። እኔ ከሱ ጋር የኖርኩት ሦስት ዓመት ነው። አንተ ሁለቱን ይዘህብኛል።»

ልጄ፤ እኔ የደበቅሁ የመሰለኝ አንድ ቀኑን ነበር። ለካ ያንን ቀን እንዳልነካው ብዬ ሌሎቹን ቀኖች በሙሉ አብሬ ቆልፌባታለሁ።

«ምን ልንገርሽ?» አልኳት።

«እዚያ ምን ያስቀው ነበር? ማን ጓደኛው ነበር? ስለኛስ ምን ይል ነበር? ከዚያ ጀምር። መላጊያህን አስቀምጥና ጀምር።»

ጀመርኩ። አሁን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ሰምታ ብቻ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን መሀል ላይ ታስቆመኝና «ከሱ ነገር ጋር የራስህን አትቀላቅል» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ እቀላቅላለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሳይቀር ሥራዋን ይዛ መጥታ በር ላይ ትቀመጣለች። ስለ ኮረብታው ቀን ደግማ አልጠየቀችኝም። ይቅር ብላኝ እንደሆነም እኔ አልጠየቅኳትም፤ ስትፈልግ ትነግረኛለች፣ ካልፈለገችም መምጣቷ ይበቃኛል።

አሁንም አጠገቤ ናት። «ጻፍላት» ትለኛለች፤ በእጇ ጠረጴዛዬን እየመታች። ትናንት የነገርኳትን ነው። አባትሽ ከባድ አንኮራፊ ነበር። አንድ ምሽት ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ አዲሱ ዘብ ውጪ ሆኖ «ቁም! ማነህ?» ብሎ ጮኸበት። የመጣለት መልስ ማንኮራፋት ብቻ ነበር። ደግሞ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው!» አለ። አባትሽ እንቅልፉ ሳይለቀው «ባለ ትዳር ነኝ!» ብሎ መለሰለት። ጦሩ በሙሉ ተነስቶ ነው የሳቀው። ከዚያ በኋላ ስሙ «ባለ ትዳር» ሆኖ ቀረ፤ የመቶ አለቃውም ሳይቀር እንደዚያ ነበር የሚጠራው፣ እሱም ኮርቶ «አቤት!» ነበር የሚለው።

እናትሽ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ «ድገመው» አለችኝ።

አጎትሽ